ከገና ዱላ እስከ በረዶ ሜዳ፤ የሴቶች ጨዋታ እንዴት መተዳደሪያ ሙያ ሆነ



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው መርሳን ካለፈ በኋላ ሲሪንቃን ያገኛል። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ፥ ስሟም ይልቁንም በግብርና ምርምር ማዕከሏ የታወቀ፥ ለአካባቢው ገበሬ የሚስማማ የማሽላ ዘር እየተመረመረ የሚወጣባት ስፍራ ናት። በወሎ ገጠር እንደ ሌላውም ያገራችን ገጠር፥ በታኅሣሥ መጨረሻ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶውን ሲቀር፥ ያ የታጨደ መሬት ለሕፃናትና ለጎረምሶች ሌላ አገልግሎት ይሰጣል፤ የገና መጫወቻ ሜዳ ይሆናል።

ስለ ገና ጨዋታ ለእናንተ መግለጽ ለባለቤቱ ቤቱን እንደ ማሳየት ይቆጠር ይሆናል። ይሁን እንጂ ከተማ ተወልደው ከተማ ያደጉ ልጆች ስለ በዙ በጥቂቱ ብናስታውሰው አይከፋም። ጫፉ የተቆለመመው ዱላ ገና ይባላል፤ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ተበጅታ በዱላው የምትለጋው ድቡልቡል ደግሞ ሩር ትባላለች። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ይኸውም ሚና መለየት ይባላል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ «ሚናህን ለይ» እየተባለ የሚነገረው ቃል ከዚሁ ሜዳ የመጣ ነው። በዚያን ቀን የማዕረግ ልዩነት ለጊዜው ይሻራል፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ጌታው ያነክሳል እንጂ አይከስም። በዓመት አንድ ቀን ትልቅና ትንሽ በአንድ ሜዳ ላይ እኩል ሆነው ይውላሉ።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጌታና ሎሌ እኩል በሚሆኑበት በዚያ ሜዳ ላይ እኅትና ወንድም እኩል አልነበሩም። የገና ዱላ የወንድ ዱላ ነበረ። ልጃገረዷ እንደ ወንድሟ ፈጣን እግርና ብርቱ ክንድ ቢኖራትም ከዳር ቆማ ታይ ነበር እንጂ ሚና ለይታ አትሰለፍም። የጨዋታው ደንብ ማዕረግን ሲሽር ጾታን ሳይሽር ቀረ።

ዛሬ የምናወሳው ታሪክ ይህን ነገር ከሩቅ አገር የሚያሳየን ነው። በሰሜን አሜሪካ ከኛ ገና ጋር በመልኩ የሚመሳሰል፥ በተቆለመመ ዱላ የሚጫወቱት ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። እኛ በታጨደ ማሳ ላይ የምናደርገውን እነሱ በረጋ በረዶ ላይ ያደርጉታል። በዚያም ሴቶች ከዳር ቆመው ማየታቸው ቀርቶ ወደ ሜዳው መግባታቸው፥ ከገቡም በኋላ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ተቈርጦላቸው በሙያቸው መተዳደራቸው ከ130 ዓመት በላይ ፈጅቷል። የሚሄዱበትም መንገድ ሦስት በር ነበረው፤ አንደኛው የመፈቀድ በር ነው፤ ሁለተኛው የመታወቅ በር ነው፤ ሦስተኛውም የደመወዝ መዝገብ በር ነው። ከሦስቱ ሁሉ የኋለኛው እጅግ የጠበበ ሆኖ ተገኝቷል። ታሪኩ የውጭ አገር ስለ ሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን።

አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። የበረዶ ሆኪ ሜዳ ርዝመቱ 61 ሜትር፥ ስፋቱ 26 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው ግድግዳ አለው። ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንድ ግብ ጠባቂ ይሰለፋሉ፤ ሁሉም ከሥሩ የብረት ምላጭ ያለው ጫማ ተጫምተው በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። የሚለጉት ድቡልቡል ኳስ ሳይሆን 170 ግራም ያህል የምትመዝን፥ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ናት። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ የሆነ ሦስት ክፍል አለው። ሩጫው እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ ተጫዋቾቹ በየአንድ ደቂቃው ገደማ እየተተካኩ ይጫወታሉ። ከገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ዱላው ብቻ አይደለም፤ ግጭቱና ድፍረቱም ጭምር ነው። ለዚሁም ነው በሁለቱም አገር «ይህ ለሴት አይሆንም» ሲባል የኖረው።

የሴቶቹ ታሪክ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት አጥር ግቢ ነው። ከ1888 እስከ 1893 ዓ.ም. የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሎርድ ስታንሊ ለዚህ ጨዋታ ፍቅር ያደረበት ሰው ነበረ። በ1892 ዓ.ም. የሰጠው ዋንጫ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ እየተጠራ ወንዶቹ ይወዳደሩበታል። ከ1890 ዓ.ም. ገደማ የቀረ አንድ ፎቶግራፍ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። በኦታዋ በሚገኘው መኖሪያው ግቢ፥ በረዶ በረጋበት ሜዳ ላይ፥ ሴት ልጁ ኢሶቤል ስታንሊ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ፥ ዱላ ይዛ ከሌሎች ሴቶች ጋር ስትጫወት ትታያለች። እንግዲህ የአባት ስም በዋንጫው ላይ ወዲያው ተጽፎ ሲቀር፥ የልጅቱ ስም በሴቶች ዋንጫ ላይ የተጻፈው ከዚያ በኋላ 125 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው።

በ1930ዎቹ ዓመታት በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር፥ ፕሬስተን በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሪቩሌትስ የሚባል የሴቶች ቡድን ተነሣ። ይህ ቡድን በዘመኑ ሊያሸንፈው የሚችል ጠፍቶ አሥር ዓመት ለሚያህል ጊዜ የአገሩን የበላይነት ይዞ ኖረ። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ ቡድኑም ቋሚ ገቢ አልነበረውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ቡድኑ ፈረሰ። የተሸነፈው በሜዳ ላይ አይደለም፤ የሚያቆመው ድርጅት በማጣቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወንዶቹ ወደ ጨዋታቸው ሲመለሱ የሴቶቹ ነገር እንደ ቀድሞው ሳይሆን ቀረ፤ ያ ሁሉ ዝናም የሽማግሌዎች ወሬ ሆነ።

በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በቶሮንቶ ከተማ አቢጌይል ሆፍማን የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ለወንዶች ልጆች ቡድን ተመዘገበች። ጸጉሯ አጭር ስለ ነበረ፥ ስሟም «አብ» ተብሎ ስለ ተጠራ፥ ሴት መሆኗን የጠረጠረ አልነበረም። የወቅቱን ጨዋታ በሙሉ ተጫወተች፤ ከመልካሞቹም ተከላካዮች አንዷ ለመሆን በቃች። በ1956 ዓ.ም. ከየቡድኑ የተመረጡት ልጆች ለውድድር ሲዘጋጁ የልደት ምስክር ወረቀቷ ታየ፤ ምሥጢሩም ተገለጠ። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ አገር ሁሉ ተደነቀ። ቤተሰቧ ለመብቷ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም ልጅቱ ተሸነፈች።

ይሁን እንጂ የአቢጌይል ታሪክ በዚህ አላበቃም። የሆኪ ሜዳ ስለ ተዘጋባት ወደ ሩጫ ዞረች፤ ከ1964 እስከ 1976 ዓ.ም. በአራት የኦሊምፒክ ውድድሮች ላይ ለአገሯ ሮጠች። በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ የያዘችው እሷ ናት። በ1981 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት የስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና ዲሬክተር ሆና ተሾመች፤ ይህንንም ሥልጣን በሴትነት የመጀመሪያዋ ሆና ያዘችው። በሚቀጥለው ዓመት የሴቶች ብሔራዊ የሆኪ ሻምፒዮና ሲቋቋም ዋንጫው በስሟ ተሰየመ። በዘጠኝ ዓመቷ በልደት ወረቀት ምክንያት ከሜዳ የተሰናበተችው ልጅ፥ ሌላ ጊዜ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ስለ ስፖርት በጀት የምትፈርም ሆነች። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሁላችን ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ ዛሬ ከበራፋችን መልሰን የምንሰዳት ልጅ ነገ በማን ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ አናውቅምና።

የመፈቀድ በር በሕግ የተከፈተው በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። የ12 ዓመት ልጅ የሆነች ጀስቲን ብሌይኒ የምትባል ሌላ የቶሮንቶ ልጅ፥ በችሎታዋ ተፈትና ለአንድ የወንዶች ልጆች ቡድን ብታልፍም፥ የጨዋታው ማኅበር ሴት በመሆኗ ከለከላት። የኦንታርዮ የሰብአዊ መብት ሕግ በጾታ ምክንያት ማዳላትን ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ ውስጥ ስፖርትን ከዚህ ክልከላ ነፃ የሚያደርግ አንድ ንዑስ አንቀጽ ተጨምሮ ነበር። ሕግ የሚያረቅና ሕግ የሚያስፈጽም ሁሉ የአንዲት ንዑስ አንቀጽ ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃል። በ1986 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህች ንዑስ አንቀጽ ከአገሪቱ የመብት ሕግ ጋር የምትቃረን ናት ብሎ ሻራት። በሚቀጥለውም ዓመት ልጅቱ ለመጫወት መብቷ ተረጋገጠላት።

የመታወቅ በር ደግሞ ከዚህ ተከትሎ ተከፈተ። በ1990 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ማኅበር የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በኦታዋ ከተማ አደረገ። የካናዳ ሴቶች ለዚህ በዓል ሮዝና ነጭ ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ፤ የሕዝብ ዓይን ለመሳብ ሲባል ሴትነታቸው ከችሎታቸው ቀድሞ እንዲታይ መታሰቡ ነው። እነሱ ግን የአሜሪካን ቡድን 5 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በ1992 ዓ.ም. ማኖን ሬኦም የተባለች ግብ ጠባቂ ከታወቀው የወንዶች ሊግ ቡድን ከታምፓ ቤይ ጋር በአንድ የዝግጅት ግጥሚያ ተሰልፋ በዚያ ሊግ ግብ የጠበቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1998 ዓ.ም. በጃፓን አገር በናጋኖ ከተማ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክ ውድድር ሆነ፤ አሜሪካኖቹም ካናዳውያኑን 3 ለ 1 አሸንፈው የወርቁን ሜዳይ ወሰዱ።

ምናልባት አንባቢ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ቀራቸው? ተፈቀደላቸው፤ ዓለምም አወቃቸው» ይል ይሆናል። የታሪኩ ቁም ነገር የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሜዳይ አንገት ላይ ይንጠለጠላል እንጂ የቤት ኪራይ አይከፍልም። እነዚያ በኦሊምፒክ የተደነቁ ሴቶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቀን ቀን በመምህርነት፥ በሐኪም ቤት ወይም በሌላ ሥራ ላይ ውለው፥ ማታ ማታና በዕረፍት ቀን ይለማመዱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በካናዳ የተቋቋመው የሴቶች ሊግ ለብዙ ዓመታት ደመወዝ ሳይከፍል ኖረ። በ2017 ዓ.ም. ለእያንዳንዷ ተጫዋች በዓመት ከ2,000 እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ድጎማ መስጠት ጀመረ። ዳሩ ግን በመጋቢት ወር 2019 ዓ.ም. አሠራሩ በገንዘብ ረገድ የማያዛልቅ መሆኑን አስታውቆ ተዘጋ። የ12 ዓመት ድካም በአንድ ማስታወቂያ አበቃ።

በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመው ሌላው ሊግ ለሴት ተጫዋቾች ደመወዝ በመክፈል በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ነበረ፤ ዋንጫውንም በኢሶቤል ስታንሊ ስም ሰየመው። ዝቅተኛው ደመወዝ ለወቅቱ 10,000 ዶላር ሆኖ ተወሰነ። ነገር ግን ሁለተኛው ዓመት ገና ተጀምሮ ሳለ፥ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፥ ገንዘብ አነሰ ተብሎ ደመወዙ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። አንባቢ ሆይ፥ የወሩ መጨረሻ ደርሶ ከደመወዝዎ ግማሹ ተቈርጦ ቢያገኙት በቤትዎ ምን እንደሚደርስ ያስቡ፤ የእነዚያን ሴቶች ነገር ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

እንግዲህ ተጫዋቾቹ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተማሩ፤ በግል መለመን እንደማይጠቅም፥ አንድ ሆኖ መቆም እንደሚያስፈልግ ተረዱ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አንጫወትም አሉ። እንደ አቤቱታቸው ከሆነ ማኅበራቸው በአራት ዓመት ውስጥ የሚከፍላቸው ለስድስት ወር ብቻ፥ ያውም በወር 1,000 ዶላር ነበረ። ማኅበሩ በምትካቸው ሌሎችን ለማሰለፍ ቢፈልግም፥ የተጠየቁት ወጣቶች በእኅቶቻቸው ቦታ አንገባም ብለው እምቢ አሉ። በዚህም ምክንያት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ስምምነት ተደረገ፤ ሴቶቹም ተሰልፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

በግንቦት ወር 2019 ዓ.ም. ደግሞ የካናዳው ሊግ በተዘጋ ማግሥት፥ ከ200 የሚበልጡ ተጫዋቾች የሚገባቸውን ደመወዝና ዋስትና የሚሰጥ ሊግ እስኪገኝ ድረስ በሰሜን አሜሪካ በየትኛውም ሊግ እንደማይጫወቱ በአንድ ቀን አስታወቁ፤ ማኅበርም አቋቋሙ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የአንድ ስፖርተኛ ዕድሜ አጭር ነው፤ አራት ዓመት የሚያህል ጊዜ ያለ ሊግ ማሳለፍ ለአንዳንዷ የዕድሜዋን ምርጥ ክፍል መስጠት ነው። ለሚመጡት ሲሉ የራሳቸውን ጊዜ ሰጡ። እዚህ ላይ ሚናቸውን ለዩ ለማለት ይቻላል።

ትዕግሥታቸውም ፍሬ አፈራ። በ2023 ዓ.ም. ባለጠጋው ማርክ ዋልተርና የታወቀችው የቴኒስ ተጫዋች ቢሊ ጂን ኪንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነባሩን የአሜሪካ ሊግ ገዝተው ዘጉት፤ አንድ አዲስ ሊግም ለማቋቋም ተነሡ። አዲሱን ሊግ ከቀደሙት የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ገና አንድ ግጥሚያ ሳይደረግ፥ የቡድኖቹም ስም ሳይወጣ፥ አስቀድሞ ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር እስከ 2031 ዓ.ም. የሚጸና የኅብረት ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱም ዝቅተኛው ደመወዝ በዓመት 35,000 ዶላር እንዲሆን፥ የቡድኑ አማካይ ደመወዝ 55,000 ዶላር እንዲደርስ፥ በየቡድኑም ቢያንስ ስድስት ተጫዋቾች ከ80,000 ዶላር የማያንስ እንዲያገኙ፥ ደመወዙም በየዓመቱ 3 በመቶ እንዲጨምር ተወሰነ። አስቀድሞ መዝገቡ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ተከፈተ።

እውነትን ለመናገር ይህም ያለ ጉዳት አልተፈጸመም። የተዘጋው ሊግ ለሚቀጥለው ዓመት ለእያንዳንዱ ቡድን 1.5 ሚሊዮን ዶላር የደመወዝ ወሰን መድቦ ነበር፤ ብዙ ተጫዋቾችም ውል ፈርመው ነበር። ሊጉ በተሸጠ ጊዜ እነዚያ ውሎች ተሰረዙ። አዲሶቹ ቡድኖች ስድስት ብቻ ስለ ነበሩ ለሁሉ የሚበቃ ቦታ አልተገኘም፤ ሥራ ያጡም ነበሩ። ታሪክ አሸናፊዎቹን ሲጽፍ እነዚህንም ሊያስታውስ ይገባል።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በቶሮንቶ ከተማ በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ተደረገ። በኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የገና በዓል ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው። የኒው ዮርክ ቡድን የቶሮንቶውን 4 ለ 0 አሸነፈ። በኤፕሪል 20 ቀን በሞንትሪያል በተደረገው ግጥሚያ 21,105 ተመልካች ተሰበሰበ። በመጀመሪያው ወቅት በጠቅላላው ከ392,000 የሚበልጥ ሰው ገብቶ ተመለከተ። የ2024ን እና የ2025ን ዋንጫ የሚኔሶታ ቡድን ወሰደ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የቫንኩቨርና የሲያትል ቡድኖች ተጨምረው ቡድኖቹ ስምንት ሆኑ። «የሴቶችን ጨዋታ ማን ከፍሎ ያያል?» ለሚለው የቆየ ጥያቄ ሕዝቡ ራሱ በትኬት መልስ ሰጠ። ከእነዚህ ከተሞች መካከል ቶሮንቶ፥ ሚኔሶታ ውስጥ ያሉት መንትያ ከተሞችና ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። እዚያ የሚወለዱ የወገኖቻችን ሴቶች ልጆች ይህን ሲያዩ ያድጋሉ።

አሁን ፊታችንን ወደ አገራችን እንመልስ። በረዶ የሌለን በመሆኑ ይህ ታሪክ አይመለከተንም ማለት ስሕተት ይሆናል። አንደኛ፥ በረዶውም ቢሆን ኢትዮጵያዊን አልከለከለም፤ በ2006 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለ ማርያም በበረዶ ላይ ሩጫ ተወዳድሮ ሰንደቅ ዓላማችንን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ አቁሟል። ሁለተኛና ዋናው፥ የነገሩ ሥር በረዶው ሳይሆን መዝገቡ ነውና።

በዚህ ረገድ አገራችን የራሷ የሆነ መንገድ አላት፤ መንገዱም በመሥሪያ ቤቶች በኩል የሚያልፍ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን አሸንፋ ይህን ድል ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። እነዚህና ሌሎች አያሌ ሯጮቻችን ያደጉት ባለጠጋ ባቋቋመው ሊግ ውስጥ አይደለም፤ በፖሊስ፥ በመከላከያ፥ በባንክ፥ በመብራት ኃይል በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች ክለብ ታቅፎ ደመወዝ እየተቀበሉ መለማመድ በአገራችን ልማድ ስለ ነበረ ነው። ደራርቱም እንደ ካናዳዊቱ አቢጌይል ከሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት ተሻግራ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች።

የሴቶች እግር ኳስም በዚሁ መንገድ ይጓዛል። ሉሲ የሚባለው ብሔራዊ ቡድናችን በ2004 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሆኖ ነበር። በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የሚወዳደሩት ቡድኖች የንግድ ባንክ፥ የኤሌክትሪክ፥ የሐዋሳ፥ የአዳማና የድሬዳዋ ከተማ እየተባሉ የሚጠሩ የመንግሥት ድርጅቶችና የከተማ አስተዳደሮች ቡድኖች ናቸው። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ ከነዚህ ቡድኖች ወጥታ በማልታ አገር ለቢርኪርካራ ቡድን በ2019 እና 2020 ዓ.ም. ወቅት ተጫውታ 30 ግብ አስቆጥራለች። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ባንክ ሴቶች በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ የኬንያውን ቡድን በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸንፈው ለአፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር አልፈዋል።

የመሥሪያ ቤት ክለብ መልካምነቱ ደመወዙ በየወሩ መድረሱ ነው። ድካሙም ይታወቃል፤ ቡድኑ የሚቆመው በአንድ የበጀት መደብ ላይ በመሆኑ፥ ያ መደብ በአንድ ፊርማ ሲሰረዝ ቡድኑም አብሮ ይሰረዛል። ቁጠባ በታሰበ ጊዜ እርሳሱ አስቀድሞ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ በገንዘብ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፕሬስተንን ያፈረሰ፥ የካናዳውንም ሊግ የዘጋ ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። አዲሱ ሊግ ያስተማረን ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ ገንዘቡ ብቻ አይበቃም፤ ዘመኑ የተወሰነ፥ በጽሑፍ የሰፈረ፥ አንዱ ወገን ብቻውን ሊሰርዘው የማይችለው ስምምነት ያስፈልጋል። ባለሥልጣን ይለወጣል፤ ባለጠጋም ሐሳቡን ይለውጣል፤ የተፈረመ ውል ግን እስከ ዘመኑ ይቆያል።

ስለዚህ የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ይህ ንግግር ከሌላ ሰው ይልቅ እናንተን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። በሌላው አገር የሴት ስፖርተኛ ዕድል በባለጠጋ እጅ ላይ ሲሆን በኛ አገር ይልቁንም በእናንተ እጅ ላይ ነው። የክለቡን በጀት የሚያዘጋጀው፥ የሥራ መደቡን የሚያጸድቀው፥ የልምምድ ሜዳውን ለማን በየትኛው ሰዓት እንደሚሰጥ የሚወስነው፥ ከወረዳ ትምህርት ቤት የመጣችውን ልጅ የሚመዘግበው በየቢሮው የተቀመጠው ሰው ነው። ስሟ በተመልካች አፍ ከመጠራቱ አስቀድሞ በእናንተ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።

የሚመጣው ገና በደረሰ ጊዜ የሀብሩ ማሳ እንደ ልማዱ ባዶውን ይሆናል፤ ልጆቹም የተቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ወደ አገር ቤት ለበዓል የሚሄድ አንባቢ ቢኖር፥ ከሜዳው ዳር ቆማ የምትመለከት ልጃገረድ ብታጋጥመው፥ እጅ ወደ ሆነ ዱላ ያመልክታት፤ ሚናም ይለዩላት። ከተማ ሲመለስ ደግሞ መዝገቡን ይክፈት። የፊተኛው የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ የኋለኛው ግን የዕድሜ ልክ እንጀራ ነው።